እንደ ድሮው ድንጋይ

ደክሞኛል። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ በአርባ አንድ ዓመቱ ደግሞ ምን ያደክመዋል ይላሉ። እስቲ ሰባ ሁለት ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ በቆቦ ሙቀት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ኤሌክትሪክ አስተምረው ይዩት። ያውም መብራት ሲሻው በሚመጣበት፣ ሲሻው በሚቀርበት ከተማ። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ለሁለት ዓመት ብቻ ተብዬ ተመድቤ የመጣሁ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፤ ሁለቱ ዓመት አላልቅ ብሎኝ እዚሁ አለሁ። ስሜ መሳፍንት ነው። በስሜ የምትጠራኝ ግን ሚስቴ ማንያህልሻል ብቻ ናት፤ ለሌላው ሁሉ «መምህር» ነኝ።

የእጅ ባትሪ መሥራት የጀመርኩት በጦርነቱ ጊዜ ነው። ወራት ሙሉ መብራት አልነበረም፤ ሻማም ጠፍቶ ነበር። ከተሰበሩ ላፕቶፖች ውስጥ ባትሪያቸውን ፈትቼ፣ ከአውራ ጣት ረዘም የሚሉትን ሊቲየሞች አንድ በአንድ አወጣለሁ። በቴስተር ለክቼ ደህናውን ከበሽተኛው እለያለሁ። ከዚያ ሁለት ሁለቱን በውኃ ቧንቧ ቁራጭ ውስጥ ከትንሽ አምፖል ጋር አገናኛቸዋለሁ። ጦርነቱ አለፈ፤ ሥራው ግን ልማድ ሆኖብኝ አብሮኝ ቀረ። ሌላው ሰው ከሥራ ሲወጣ ካርታ ይጫወታል፣ እኔ ባትሪ እሠራለሁ። አልሸጥም። ለጎረቤት፣ ለባልደረባ፣ ማሽላ ለሚጠብቅ ሰው እሰጣለሁ።

የሚያደክመኝ መሥራቱ ሳይሆን ማስረዳቱ ነው። ሊቲየም እንደ ድሮው የባትሪ ድንጋይ አይደለም። የድሮው ቢበላሽ ቢበላሽ ፈሳሽ አውጥቶ ቆርቆሮውን ያዝጋል፣ አለቀ። ይኼኛው ከተቆጣ ይነዳል። እናም ሰባት ማስጠንቀቂያ በወረቀት ጽፌ ከእያንዳንዱ ባትሪ ጋር እሰጣለሁ። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አይከተት። የላስቲክ ልብሱ ከተቀደደ ወደ እኔ ይምጣ። አሮጌና አዲስ አይቀላቀል። ቻርጅ ሲደረግ ሲሚንቶ ላይ እንጂ አልጋ ላይ፣ ገለባ አጠገብ አይሁን፤ ጥለውትም አይሂዱ። ከሞቀ ይነቀል። ወድቆ ከተጎዳ ቻርጅ አይደረግ። ቢጨስ በእጅ አይነካ፣ አሸዋ ይደፋበት። ወረቀቱን ተቀብለው «እግዜር ይስጥልን» ይሉኛል። ከሳምንት በኋላ ስኳር ተጠቅልሎበት አየዋለሁ።

ጋሽ አምባው ወረቀቱን እንኳ ስኳር አልጠቀለሉበትም፤ ማንበብ ስለማይችሉ አልሰጠኋቸውም። አከራያችን ናቸው። ወደ ሰባ ይጠጋሉ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጆቻቸው አንዱ ወልዲያ፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው። ከቆቦ ወጣ ብሎ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ማሽላ አላቸው። ማሽላው እሸት ከያዘ ጀምሮ እዚያው ማማ ላይ እያመሹ ከርከሮ ያባርራሉ። ባትሪ የሰጠኋቸው ለዚህ ነው። ሰባቱን ማስጠንቀቂያ በቃል ነገርኳቸው። ደገምኩላቸው። በሦስተኛው ጊዜ ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ አብሮ ተማረ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅማ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይዘውታል፤ እኔን ሲያዩ «መምህር፣ ከሞቀ ይነቀል!» እያሉ ያሾፉብኛል።

ነገሩ የተበላሸው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። መብራት ከጠፋ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ስድስት የፈተና ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሏል፤ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ አርሜ፣ የኦምን ሕግ በትክክል የጻፈ አንድ ልጅ አጥቼ፣ እርጥብ ፎጣ ግንባሬ ላይ ጥዬ ተጋድሜያለሁ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጋሽ አምባው በሩ ላይ ቆሙ።

«መምህር፣ አለህ?»

«አለሁ፣ ይግቡ» አልኩ። አልተነሣሁም።

«ይቺ ባትሪህ እኮ ፈዘዘችብኝ። ትናንት ከርከሮው ከማሽላው ገብቶ ብርሃኗ አልደርስልኝ አለ። ምን ባደርጋት ይሻላል?»

ተነሥቼ ባትሪውን ተቀብዬ መክፈት ነበረብኝ። ይህን አሁን እላለሁ። ያን ጊዜ የታየኝ ደግሞ እንደገና ከአንድ እስከ ሰባት መቁጠሩ ነው፤ ሊቲየም ማለት እንዲህ ነው፣ ድንጋይ ማለት እንዲያ ነው፣ መብራት ሲመጣ እንዲህ ያድርጉ፣ እስኪመጣ እንዲህ አያድርጉ።

«ጋሽ አምባው፣ ያው እንደ ድሮው ድንጋይ ነው እኮ» አልኩ። «የተለየ ነገር የለውም።»

«እንደ ድሮው ነው?»

«እንደ ድሮው ነው።»

«እሺ፣ በል እረፍ» አሉና በሩን ቀስ አድርገው መልሰው ሄዱ።

ማንያህልሻል ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሯል። ብቅ ብላ አየችኝ። «ምነው እንዲህ አልካቸው? ስታብራራ ስትጮኽ ኖረህ፣ አሁን እንደ ድሮው ነው?»

«ነገ አየዋለሁ» አልኳት። ነገ መጣ፣ አላየሁም። ከነገ ወዲያም ወረቀት ሳርም ዋልኩ።

ድሮ ድንጋይ ሲደክም ምን እንደምናደርግ ማን ያጣዋል። በጥርስ ነከስ፣ ወይም በጠጠር ቀጥቀጥ አድርገን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራና ለአንድ ለሁለት ምሽት ያበራል። እኔ ራሴ ለአባቴ ሬዲዮ ስንቱን ድንጋይ ነክሻለሁ፤ ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ አለ። ሰባቱን ማስጠንቀቂያ ስጽፍ ግን ስለ መቀጥቀጥና ስለ ማስጣት አንዲት ቃል አላሰፈርኩም። ከስልኬ ላይ ያነበብኳቸው ሰዎች አልጻፉትማ። እነርሱ አገር ድንጋይ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣ የለም መሰለኝ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ጋሽ አምባው ሁለቱን ሊቲየሞች ከቧንቧው አወጡ። የሚነክሱበት ጥርስ ስለሌላቸው የበራቸው ደፍ ላይ አጋድመው በጠጠር ቀጠቀጧቸው፤ ከዚያ የፍየሎቹ ቤት ቆርቆሮ ላይ አሰጧቸው። የፍየሎቹ ቤት ዝቅ ያለች ናት፤ ሰው ቆሞ ጣሪያዋን ይደርስበታል። ከጎኗ የአምናው ማሽላ አገዳ ተከምሯል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ያ ቆርቆሮ እጅ አያስነካም። እኔ ቤት ውስጥ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር፤ መብራቱ ያን ዕለት ጠዋት መጥቶ፣ እንዳይሄድብኝ እየተጣደፍኩ።

አንድ የፉጨት ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የጋሽ አምባው «ኧረ! ኧረ!» የሚል ድምፅ። ስወጣ ከቆርቆሮው ላይ ነጭ ጭስ እየተትጎለጎለ ነው። አንደኛው ሊቲየም ተንከባልሎ አገዳው ላይ ሊወድቅ ሲል ጋሽ አምባው በባዶ እጃቸው ቀለቡት።

«ይጣሉት! ይጣሉት!» ብዬ ጮኽኩ።

የት ይጣሉት? ወዲህ አገዳው አለ። ወዲያ ማንያህልሻል የታጠበ ልብስ ታቅፋ ከበራችን ብቅ ብላለች። ዞር አሉ፣ እንደገና ዞር አሉ፤ ሰውም አገዳም የሌለበት ቦታ ሲፈልጉ እጃቸው ውስጥ ነደደ። በመጨረሻ ወደ አጥሩ ጥግ ወረወሩት። እኔ ለዚሁ ብዬ በራችን ሥር የማኖረውን የአሸዋ ባልዲ ይዤ ሮጬ ደፋሁበት። ሁለተኛው ገና ቆርቆሮው ላይ ነበር፤ በረጅም አገዳ ገፍቼ ባዶው መሬት ላይ አወረድኩትና የቀረውን አሸዋ በላዩ ገለበጥኩ። የሽታው ነገር አይነሣ፤ ጉሮሮዬን ለሦስት ቀን ይዞኝ ቆይቷል።

ማንያህልሻል ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ልብሱን መሬት ላይ ጥላ የጋሽ አምባውን እጅ ከጀሪካን በሚወርድ ውኃ ሥር ያዘች። እትዬ ጥሩወርቅ የጥርስ ሳሙና ይዘው ሲሮጡ መጡ። «እንዳይቀቧቸው! ምንም እንዳያስነኩት!» አለች፤ እንዲያ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም። ጋሽ አምባው ግን አልጮኹም። ውኃው ሲወርድ እያዩ «አገዳው ተረፈ?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ውኃ ካወረደችበት በኋላ በባጃጅ ይዘናቸው ሄድን።

የተጎዳው ቀኝ እጃቸው ነው። መዳፉና ሦስት ጣቶቹ ተቃጥለዋል። ሐኪሙ ጣቶቹ አይቆረጡም አለን፤ ደስ አለን። ማንያህልሻል ግን ማታ ቤት ስንገባ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ይድናል፣ ግን የሚጨብጥ አይመስለኝም» አለችኝ። «ቢያንስ ዘንድሮ ማጭድ አይይዙም።» የጋሽ አምባው ማሽላ ከወር በኋላ የሚቆረጥ ነበር። ያን ማሽላ የሚቆርጥ፣ ሞፈር የሚይዝ፣ ፍየል የሚያልብ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ያለው እጅ እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ የባትሪውን ቧንቧ አንሥቼ አየሁት። ኤሌክትሪኩን ወደ አምፖሉ የምታደርሰው ስፕሪንግ ዝጋለች፤ መብራቱ የፈዘዘው በእሷ ነው። ሊቲየሞቹ አልደከሙም ነበር። መብራት በጠፋ ዕለት ጠዋት ሞልቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ በአራት ቀን እንደማያልቁ ማወቅ ነበረብኝ። በቢላ ጫፍ ዝገቱን ፋቅ ፋቅ ማድረግ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ያቺን ስፕሪንግ ፋቅኳት። ለምን እንደፋቅኳት አላውቅም።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። የሠፈሩ ሰው በየተራ እየገባ «እግዚአብሔር ይማርዎት» ይላል፣ ትንሽ ይቀመጣል፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ይነቀንቃል። «መምህርስ ምን ያድርጉ! ስንቴ ነገሩ!» ለዓመታት ሰውን በማስጠንቀቂያ ሳሰለች ኖሬ የለ፤ አልነገረም ብሎ የሚጠረጥረኝ አንድ ሰው ጠፋ። እትዬ ጥሩወርቅ ከአንድ እስከ ሰባት ያለውን ለጠያቂው ሁሉ ያወርዱለታል። ጋሽ አምባው የታሰረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ነግሮኛል፣ ነግሮኛል። እኔ ነኝ ጆሮ የሌለኝ» ይላሉ።

እኔ ዝም አልኩ። አፍሬ ነው ብል ግማሽ እውነት ነው። ግማሹ ደግሞ ተመችቶኝ ነው። ጋሽ አምባው ያን ምሽት ረስተውት ይሆን፣ ወይስ ሆነ ብለው እየሸፈኑልኝ ይሆን፣ መለየት አቃተኝ፤ ለመለየትም አልሞከርኩ። ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን በግራ እጃቸው ሲታጠቡ ሳይ በሌላው በር እወጣ ነበር።

የሰጠኋቸውን ባትሪዎች ሁሉ ሰበሰብኩ። ለአንዱ ጎብዬ ከተማ ድረስ ሄጃለሁ። ወረቀቱ ላይ ስምንተኛ ጨመርኩ፦ አይነከስም፣ አይቀጠቀጥም፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ስጽፍ ማንያህልሻል ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

«ለወረቀቱ ጨመርክለት» አለች። «ለሰውዬውስ?»

ተረኛ ስለነበረች ጋወኗን ይዛ ወጣች።

በኅዳር መጨረሻ ለጋሽ አምባው ማሽላ ጅጌ፣ ያው ደቦ፣ ተጠራ። ሃያ የሚሆን ሰው ማጭዱን ይዞ ወጣ። እኔም ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ በባጃጅ ሄድኩ። ማጭድ የያዝኩት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወገቤ ለሁለት የተከፈለ መሰለኝ። ጋሽ አምባው ከግራር ሥር ተቀምጠው ሰው ማሽላቸውን ሲቆርጥ ያያሉ። በዚያ ማሳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሁለቴ ተነሥተው በግራ እጃቸው ማጭድ ሞከሩ፤ ሁለቴም አገዳው ተጣመመ እንጂ አልተቆረጠም። ሁለተኛውን ጊዜ ማጭዱን ለባለቤቱ መልሰው ሰጡና ማንንም ሳያዩ ወደ ጥላው ተመለሱ። ያን ስመለከት ከእንግዲህ ዝም ማለት እንደማልችል አወቅኩ።

ቀትር ላይ ሁላችንም ከግራሩ ሥር ተሰበሰብን። ንፍሮና ጠላ ቀረበ፤ ለሙስሊሞቹ ለእነ ጋሽ ኑሀ የማያሰክረው ቀሪቦ ለብቻው ተቀዳ። ጋሽ ኑሀ የጎን ማሳ ባለቤት ናቸው፤ ከጋሽ አምባው ጋር አብረው ያደጉ፣ ሲቀላለዱ ሌላው የሚፈራላቸው ዓይነት ወዳጆች ናቸው። ቀሪቦውን ፉት ብለው ጀመሩ።

«አምባው፣ አልሃምዱሊላህ በል። ጆሮህ አልሠራ ብሎ እጅህን በላ እንጂ ራስህንም ይበላህ ነበር። መምህር የነገረህን ብትሰማ ኖሮ ዛሬ እኔ ያንተን ማሽላ ስቆርጥ እውል ነበር?»

ሰው ሳቀ። እትዬ ጥሩወርቅ ንፍሮውን እያከፋፈሉ፣ «ቢጨስ በእጅ አይነካ! ይኸው እኔ አሮጊቷ አውቀዋለሁ!» አሉ። ሳቁ ጨመረ። ጋሽ አምባውም ሳቁ። «በሉ፣ ስደቡኝ፣ ይገባኛል» አሉ።

«አልነገርኳቸውም» አልኩ።

የሰማኝ አልነበረም። ብድግ አልኩ፤ ለምን እንደተነሣሁ እንጃ፣ የመምህር ልማድ ይሆናል።

«አልነገርኳቸውም» አልኩ ጮክ ብዬ። «ፀሐይ ላይ እንዳይሰጣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጋሽ አምባው መጥተው ጠይቀውኝ ነበር። ተኝቼ ነበር፤ ለመነሣት ሰነፍኩ። እንደ ድሮው ድንጋይ ነው አልኳቸው። ሁለቴ ጠየቁኝ፣ ሁለቴ እንደ ድሮው ነው አልኩ። እሳቸው ያደረጉት ያልኳቸውን ነው። ጆሮ የሌለኝ እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ኑሀ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ንፍሮውን እንደያዙ ቀሩ፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጋሽ አምባውን ያያሉ። ጋሽ አምባው ይሰድቡኛል፣ ቤቴን ልቀቅልኝ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እውነቱን ለመናገር ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

«ተቀመጥ መምህር፣ ፀሐይ ይመታሃል» አሉ። «አውቀዋለሁ እኮ።»

«ምኑን?»

«ደክሞህ ነበር።» የታሰረውን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉት። «ነገሩ አጠራጥሮኝ ነበር። እንግዲያው ፀሐይ ላይ ይሰጣል ወይ ብዬ ልጠይቅህ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊትህን ሳይ ጊዜ ተውኩት። የሰው ልጅ ሲያስለፈልፍህ ውለህ፣ እኔ ደግሞ ምን ልጨምርብህ ብዬ።»

አሥራ አንድ ዓመት «ጥያቄ ያለው?» እያልኩ አስተምሬያለሁ። እጅ የሚያነሣ ሳጣ ገብቷቸዋል ብዬ ሰሌዳውን አጠፋለሁ፤ ወይም ደነዞች ናቸው ብዬ እሄዳለሁ። ሰው ፊቴን አይቶ ጥያቄውን እንደሚውጥ አስቤው አላውቅም። ማልቀሴ እንዳይታይ ጎንበስ ብዬ ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ንፍሮው ተመለሰ። ጋሽ ኑሀ ጉሮሯቸውን ጠርገው ማሽላ ስለሚበላው ወፍ ማውራት ጀመሩ። እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጋሽ አምባው፣ ሌላስ አለ? ፊቴን እያዩ የተዉት ጥያቄ?» አልኩ።

«ሞልቶ!» አሉ።

«ይጠይቁኝ።»

«አሁን? ሥራ ይዘህ?»

«አሁን።»

በግራ እጃቸው ጠላቸውን አንሥተው ፉት አሉ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እንግዲያው ይኼ ሊቲየም ሊቲየም የምትለው ነገር» አሉ፣ «መጀመሪያ ነገር ምንድን ነው?»